አደራ አይጠየቅም

ዳንቴሉን አራት ወር ሠርቼዋለሁ። የሙሽራ አልጋ እስከ ግርጌው የሚያለብስ ነው፤ ዳር ዳሩ የወይን ሐረግ፣ መካከሉ ላይ አንድ ትልቅ ጽጌረዳ። ሥራዬን ማሞገስ አልወድም። ስጨርሰው ግን አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ አልጋዋ ላይ ዘርግታ ሁለት ጊዜ ዞረችውና «ይህን ለዚያ ሰውዬ ብትሰጪው ሁለተኛ አላናግርሽም» አለች።

«ያ ሰውዬ» የምትለው ጊደር መጋላ ውስጥ ክር የሚሸጠውን ባለሱቅ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ክሩን ከእሱ በዱቤ እወስዳለሁ፤ ዳንቴሉን ለእሱ አስረክባለሁ፤ ዋጋውን እሱ ይናገራል፤ የክሩን ይቀንሳል፤ የተረፈውን ተቀብዬ እመለሳለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ያቀርብልኛል፤ የእናቱን ጤና ስጠይቀው ደስ ይለዋል። ዋጋ ግን አንድ ቀን እንኳ እኔ ተናግሬ አላውቅም። ያን ሰሞን ሄጄ «ይህኛውን ራሴ በስልክ ገበያ ልሸጠው ነው» አልኩት። ሳቀ።

«መልካም ነው እትዬ። የስልኩ ገበያ ሲበተን እኔ እዚሁ ነኝ» አለኝ።

ይህን ቃሉን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ሳይሆንልኝ ቀርቶ ዳንቴሉን ተመልሼ ጠረጴዛው ላይ ብዘረጋው በምን ዓይኔ እንደማየው አላውቅም ነበር።

የስልክ ገበያው ውስጥ ያስገባችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ያን ጊዜ ገዢና ሻጭ ክፍያውን እርስ በርስ ነበር የሚጨርሱት። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት የትራስ ልብስ ወደደችና «መጀመሪያ ዕቃውን ይላኩልኝ» አለች። እኔም «መጀመሪያ ገንዘቡን እርስዎ ይላኩልኝ» አልኳት። እንደ ሁለት እንግዶች በር ላይ ቆመን «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ሰነበትንና ሁለታችንም ሳንገባ ቀረን። የትራስ ልብሱን ዛሬም እህቴ ትተኛበታለች።

አሁን ግን ሥርዓቱ ተለውጧል። ገዢ የሚከፍለው ለሻጭ ሳይሆን ለገበያው ነው። ገበያው ገንዘቡን ይይዛል፤ ሞተረኛ መጥቶ ዕቃውን ይወስዳል፤ ገዢ ዕቃው ሲደርሰው ስልኩ ላይ «ተረክቤያለሁ» የሚለውን ይጫናል፤ ያኔ ገንዘቡ ለሻጭ ይለቀቃል። ፎቶው በወጣ በሦስተኛው ቀን ከከተማው ወጣ ብላ ድሬ ጠያራ የምትኖር አንዲት የሙሽራ እናት ዳንቴሉን ገዛችው። ሞተረኛው ጭኖት ሲሄድ መልእክት ገባልኝ፦ «ገንዘብዎ በአደራ ተይዟል። በአምስት ቀን ውስጥ ርክክቡ ካልተረጋገጠ ገንዘቡ ለገዢ፣ ዕቃው ለሻጭ ይመለሳል።»

አደራ የሚለውን ቃል ሳይ ልቤ አረፈ። በአባቴ ቤት አደራ አይጠየቅም ነበር። ሰው አንድ ነገር እሱ ዘንድ አስቀምጦ በማግስቱ «ደህና ነው?» ብሎ ቢመጣ አባቴ ይቀየም ነበር። መጠየቅ መጠርጠር ነው ይል ነበር። ስለዚህ አልጠየቅሁም። ይልቁንም አመሰገንሁ። ሠላሳ ዓመት በመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁና የማውቀው የደብዳቤ አጻጻፍ አንድ ብቻ ነው። «ጉዳዩ፦ ምስጋናን ይመለከታል» ብዬ ጀመርሁ፤ ገንዘቤን በአደራ ስለያዛችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ አልሁ፤ «ከሰላምታ ጋር» ብዬ ዘጋሁ።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «መልእክትዎን አልተረዳንም። ለሽያጭ 1፣ ለግዢ 2 ብለው ይጻፉ።»

እህቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት መሬት ላይ ተቀመጠች። «ግልባጭ ረስተሽ ነዋ! ‹ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል› ብትይ ኖሮ ይገባው ነበር!»

ሁለት ቀን አለፈ፤ ሦስት ቀን አለፈ። እህቴ በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ» ማለቱን ትታ «አደራው እንዴት አደረ?» ትለኝ ጀመር። በአራተኛው ቀን ማታ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ስለቴን ስሚ። ከዚያ ስልክ ውስጥ ገንዘብ ከወጣ፣ ከሸዋ በር እስከ ጊደር መጋላ በባጃጅ እልል እያልሁ እሄዳለሁ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«በዚህ ዕድሜዬ!»

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አባቴን በልቤ ይቅርታ ጠይቄ ለገዢዋ ደወልሁ።

«እንደምን አደሩ? ዳንቴሉን የሠራሁት ነኝ» አልኳት።

«ውይ! እትዬ፣ እርስዎ ነዎት? አልሐምዱሊላህ! ምነው ጠፉ? ምሳ ሠርቼ ስጠብቅ ስጠብቅ!»

«እኔን ነው?»

«ታዲያ ማንን? የእኛን ሥጋ እንደማይበሉ አውቄ ድንች በቃሪያ ሠራሁ። አልመጡም። በማግስቱም ሠራሁ። ድንቹን እኛው እየበላን ባሌ ሊበቅል ነው!»

«ዳንቴሉ አልደረሰዎትም እንዴ?»

«ደርሷል፤ ማሻአላህ! ሙሽራዋ ይቆሽሻል ብላ እኔ መሬት ነው የምተኛው እያለች ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተጫኑትም? ‹ተረክቤያለሁ› የሚለውን?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ እኔ እንዴት ብዬ እነካዋለሁ? ልጄ አንብባልኛለች። ገንዘቡ በአደራ ተይዟል ይላል። አደራ ማለት አማና አይደለም? አማናን አንዱ ወገን ብቻውን ከነካው ሐራም ነው። ባለቤቷ በአካል ትመጣለች፣ ምስክር ይቆማል፣ ያኔ እጫነዋለሁ ብዬ ነው የተቀመጥሁት።»

ላስረዳት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ እኔም በዚሁ አንድ ቃል ምክንያት አራት ቀን አፌን ዘግቼ መቀመጤ ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። ሁለታችን በሚኒባስ የምንገናኝ ሰዎች፣ ገንዘቡን አዲስ አበባ ያለው ገበያ ዘንድ አስቀምጠን አንዳችን በድንች አንዳችን በደብዳቤ ስንጠባበቅ ሰንብተናል።

«ቀኑ ዛሬ ያበቃል። ሸዋ በር እንገናኝ» አልኳት።

«ምስክር እንዳይረሱ!» አለች።

በእጄ ላይ ያለችው ምስክር እህቴ ብቻ ናት። እሷንም ነጠላዋን አስለብሼ ይዣት ሄድሁ።

ሸዋ በር እንደ ልማዱ ሚኒባሶቹ ይጮሃሉ፤ ቲማቲሙ መሬት ላይ ተከምሯል። ገዢዬ ከሚኒባስ ስትወርድ ሳላውቃት አወቅኋት። ረጅም ሴት ናት፤ ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ በሌላ እጇ ከረጢት አንጠልጥላለች። «ምሳዎን ጥሬውን አመጣሁልዎ» ብላ ድንቹን አስታቀፈችኝና ሳቀች።

ቲማቲም ሻጮቹ አጠገብ ሦስታችን ክብ ሠራን። መሐረቡን ፈታች፤ «ቢስሚላህ» ብላ ተጫነችው። ምንም የለም። ደገመች፤ ምንም። ጣቷን ገልብጣ አየችው። ዕድሜ ልኳን አፈር የቆፈረ ጣት ነው። «ስልኩ የሞትሁ መስሎታል» አለች።

እኔ በስም አብ ብዬ ተጫንሁት። የእኔን ጣት ደግሞ ኪሮሹ እንደ ቀንድ አድርጎታል። አሁንም ምንም። ሰው መቆም ጀመረ። አንድ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አስግጎ «እናቶች፣ ምን ጠፋባችሁ?» አለ።

«አማና ነው፤ ዞር በል!» አለችው ገዢዬ።

ሁለታችንም አብረን ወደ እህቴ ዞርን። እህቴ በዕድሜዋ ቁልፍ ተክላ አታውቅም፤ እጇ እንደ ቅቤ ነው።

«እኔ ምስክር ነኝ!» አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ምስክር አይነካም!»

«ንኪው!» አልኳት። ድምፄ ለራሴም ከፍ ብሎ ተሰማኝ።

የጋለ ብረት እንደምትነካ ሁሉ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። የገዢዬ ስልክ ጮኸ፤ ተከትሎ የእኔ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ፦ «ገንዘብዎ ተለቋል።» ገዢዬ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ እልልታውን ለቀቀችው። ቲማቲም ሻጮቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ዝም ያለችው እህቴ ብቻ ነበረች፤ ስለቷ ትዝ ብሏታል።

ገዢዬን በሚኒባስ ከሸኘን በኋላ ባጃጅ ጠራሁ።

«በሆዴ እልል ብለው አይቆጠርም?» አለችኝ እህቴ።

«ስለት ነው።»

በመጀመሪያ እንደታመመች ዶሮ ቀጭን ድምፅ አወጣች። በሩን አልፈን የከተማው ግንብ ውስጥ ስንገባ ግን አንዲት ሴት ከደጇ ሆና መለሰችላት፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልተገኘም። ሰርግ መስሏቸው ሰዎች ጥግ ይይዙልናል። ሹፌሩ ጭራሽ ጡሩምባውን ይነፋ ጀመር። እኔ ድንቹን ታቅፌ፣ ፊት ለፊቴን እያየሁ፣ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ ይዤ ተቀመጥሁ። ከነጠላው ሥር ምን እንደነበረ ያየ የለም።

ጊደር መጋላ ስንደርስ ባለሱቁ ጩኸቱን ሰምቶ ወጥቶ ቆሟል። «እትዬ፣ ምን ተገኘ? ማን ተዳረ?»

«ዳንቴሉ!» አለች እህቴ።

ወርጄ ገባሁ፤ ወንበሩን ሲያቀርብልኝ አልተቀመጥሁም። ስድስት ጥቅል ነጭ ክር ጠየቅሁት። አወረደና እንደ ልማዱ የዱቤውን ደብተር ገለጠ።

«እንደ ድሮው ልመዝግበው?»

«አይ፤ እከፍላለሁ። ስንት ነው?»

ነገረኝ። ክሩን አንስቼ በእጄ መዘንሁት፤ መልሼ አስቀመጥሁት።

«ቀንስ» አልኩት።

አየኝ። ውጭ እህቴ ስለቷን ከፈጸመች ቆይታለች፤ እልልታዋን ግን አላቆመችም። ቀነሰ።