የፍየሎቹ ሳጥን ስም

ስቶያንካ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ምንም ሳታይ ተመልሳ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነችው። ኮምፒውተሩ አሁንም ያንኑ መለሰላት፦ «በዚህ ስም የሚጠራ የለም።»

በቡልጋሪያዋ ስሞልያን ከተማ፣ የእንስሳት ሐኪም ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። የክትባት መዝገቡን ፕሮግራም በአሥራ አንድ ዓመት ብቻዋን እየለቃቀመች ነው የሠራችው። ትልቁ ቅጽ ላይ የፍየሎቹ ባለቤት ስም አለ፤ ከሥሩ በተሰካች ትንሽ ቅጽ ውስጥ ፍየሎቹ ይደረደራሉ። ቁልፉ ሲጫን ያልተከተቡት ብቻ መቅረት አለባቸው። ዛሬ እምቢ አለ። ዶክተር ታሽኮቭ ደግሞ ጠዋት ቁርጡን ነግሯታል።

«ስቶያንካ፣ ነገ ክትባት ነው። እስከ ምሳ ካልሠራልሽ ያንቺን አጥፍቼ ከሶፊያ የሚሸጠውን ፕሮግራም አስገባለሁ።»

ከዚያ ጀምሮ ስህተቱን እየፈለገች ነው።

ኮምፒውተር ትንሿን ቅጽ በራሷ ስም ቢጠሯት አይሰማም፤ የተቀመጠችበት ሳጥን ነው በስሙ የሚጠራው። ይሄን ድሮ ተቃጥላ ተምራዋለች። ስለዚህ ለሳጥኖቹ ሁሉ «ሱብ» ብሎ የሚጀምር ስም ታወጣለች፤ በላቲን ፊደል። የዚህኛው «ሱብኮዛ» ነው፣ የፍየል ሳጥን እንደማለት። ቁልፉም የሚጠራው «ሱብኮዛ» ብሎ ነው። ሁለቱን ፊደል በፊደል በጣቷ እየነካች አስተያየቻቸው። አንድ ናቸው። ታዲያ ምን ፈልጎ ነው?

ሾፌሩ ሚንቾ ባኒጻ የሚሉትን የአይብ ቂጣ እየገመጠ ገባ፤ ፍርፋሪው ጠረጴዛዋ ላይ ረገፈ።

«እትዬ ስቶያንካ፣ እንዲህ ስትቁነጠነጪ ወንበሩ ከነነፍሱ ያመልጣል።»

«ውጣልኝ ሚንቾ! ራሴ ሊፈነዳ ነው።»

«መጀመሪያ የኔን ስሚ። እሁድ ግሪክ ድንበር ላይ አንድ ሰዓት አቆሙኝ። ሰውየው የመኪና ሰሌዳህን ንገረኝ ሲለኝ ‹ኤስ፣ ኤም› አልኩት። ጻፈ፣ የለም አለኝ። ወጥቶ ሰሌዳውን ሲያየው ‹ይሄማ ሲ ነው!› ብሎ ጮኸብኝ። በኛ በቡልጋርኛ ፊደል ይሄው ቅርጽ ኤስ ነው፣ ምን ላድርገው? መልኩ አንድ፣ ስሙ ሁለት!»

ስቶያንካ አልሳቀችም። ወደ ስክሪኑ ዞረች። ትናንት የሳጥኑን ስም ስትጽፍ፣ አንዲት ፊደል ሲቀራት፣ እህቷ ቬስካ ኮምፒውተሩ ላይ መልእክት ላከችባት። በቡልጋርኛ መለሰችላትና የቀረችውን ፊደል ጨመረች። የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ላቲን መመለሷን ግን አታስታውስም።

የመጨረሻዋን «ኤ» አጠፋችና ላቲን አድርጋ ደግማ ጻፈቻት። ለዓይን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ለኮምፒውተሩ ግን የቡልጋርኛዋና የላቲኗ «ኤ» ሁለት ፊደሎች ናቸው። ቁልፉን ተጫነች።

ከባለቤቶቹ የአንዱ፣ የሀሩን፣ ፍየሎች ስክሪኑ ላይ ወረዱ፤ ያልተከተቡ አሥራ ሰባት።

«ሚንቾ፣ ዶክተሩን ጥራልኝ! ሩጥ!»

ዶክተር ታሽኮቭ መጥቶ ራሱ ሦስቴ ተጫነው።

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ፊደል... አንዲት ፊደል» አለች አፍራ።

«እንግዲያው ነገ ባንቺው ፕሮግራም እንሠራለን» ብሎ ወጣ።

እፎይ ልትል አሰበች፤ ግን ሌሎች አርባ ሳጥኖች አሉ፣ ሁሉንም በዚሁ እጇ ነው የጻፈቻቸው። ቬስካስ ስንቴ መልእክት ልካባታለች? የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈተችና የመጨረሻዋን ፊደል አጥፍታ ደግማ ጻፈች።