አንድ ጭንቅላት፣ ሁለት ልኬት

የመካኒሳን ሕዝብ የወገብ ልክ በሙሉ በቃሌ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደብተር አልይዝም። አንዴ ሜትሬን ያዞርኩበት ሰው ሞቶ ቢነሳ እንኳ ሳልለካ እሰፋለታለሁ። ይህን ስል ኖሬ አንድ ቀን የባለቤቴን ወንድም ሱሪ በሕፃን ልክ ቆረጥኩት።

ሳቅንበት። ብዙም ሳይቆይ ከብስራተ ገብርኤል ስመለስ የሱቄን በር አልፌ ሄድኩ። ቆምኩ። ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ።

ባለቤቴ ዙሪያሽ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ቀልድ ከሆነ ይብቃህ” አለችኝ። ቀልድ አልነበረም።

ኤም አር አይ ተነሣሁ። ደህና ነው ተባለ። በዓመቱ ሲብስብኝ ሌላ ቦታ ደግሜ ተነሣሁ። ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ትዝታ የሚይዘው የአንጎል ክፍል፣ ከአምናው አንሷል አሉኝ። “እየሟሸሸ ነው። የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል።” ዙሪያሽ እጄን ያዘች። ቤት እስክንገባ አልለቀቀችኝም።

ሁለቱንም ምስል ይዘን አንዲት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ውጤቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ አነበበች። ከዚያ፣

“ጋሽ ተሾመ፣ የአምናውን ሐኪም ነው በእጁ የለካው፤ ዳር ዳሩን በማውስ እያሰመረ፣ ምስል በምስል። የዘንድሮውን የለካው ኮምፒውተር ነው። ድንበር የሚያደርጉት ቦታ አንድ አይደለም።”

“ታዲያ የቱ ነው ልኩ?”

“ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ልክ ናቸው። አንዱን ከሌላው ቀንሶ ሟሸሸ ማለት ግን አይቻልም። ሁለቱንም ምስል በአንድ መንገድ እናስለካለን። ደምዎንም እናያለን።”

ገባኝ። አንዱ ሰፊ በኮት ላይ፣ ሌላው በሸሚዝ ላይ ለክቶ ሰውየውን ከስተሃል ብሎ ማስለቀስ ነው።

ውጤቱ ሲደርስ ምስሉን አሳየችን። ትንሽ ጣት የምታህል ጎበጥ ያለች ነገር፣ በግራም በቀኝም። ይህችን አክላ የእናቴን ድምፅ፣ የነፋስ ስልክን መንገድ፣ የሠርጌን ቀን ዝናብ ሁሉ ይዛለች? እኔ እንኳ እንዲህ አጋንኜ አላውቅም። በአንድ መንገድ ስትለካ አምናም ዘንድሮም ያው ነች። አልሟሸሸችም። የጎደለው በደሜ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ12 ነበር።

የቫይታሚኑ መርፌ ሲጀመር መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀስ እያለ የደንበኞቼ ልክ፣ በመጨረሻም ዙሪያሽ እንድረሳው የምትፈልገው የዘመዶቿ ወሬ ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሰልኝ፤ አንዳንዱ አሁንም ስላልመጣ ደብተር ገዝቻለሁ። ሐኪሟን፣ እጄን ያልለቀቀችውንም ሴት፣ ፈጣሪ ይባርክልኝ።

እናንተም አነሰ ስትባሉ “በምን ተለካ? የበፊቱስ?” ብላችሁ ጠይቁ። የድሮው ምስል ያለበትን ሲዲ አትጣሉ። ማሽኑ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ሽንት ቤት ሂዱ። ለሰፈሩ ሁሉ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ብያለሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። በፍርሃት ሱሪዬ ላይ ሸናሁ።