ሁለት ጀሪካን አሸዋና አንድ ትሪ ጎመን

ስቅለት ዕለት ከስግደት መነሣት አቃተኝ። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ልነሣ ስል ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። እጄን ተክዬ ገፋሁ፤ እሱም ከዳኝ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ልቤ ተነክቶ የማለቅስ መስሏቸው ጀርባዬን ዳበሱኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አልቅሺለት፣ ይሰማል።»

«እማማ፣ መነሣት አቅቶኝ ነው» አልኳቸው።

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው አነሡኝ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ እስከ ማታ ሲሰግዱ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ውስጥ እግሬን ጉንዳን የወረረኝ ያህል ይነዝረኝ ነበር። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴን አንኮበር ሳለን ስኳር የወሰዳት እንዲሁ ብሎ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ እግሯ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ቁስሏ አልድን አለ፣ ከዚያ እግሯ ተቆረጠ። ከተቆረጠ በኋላ ዓመት አልቆየችም።

ፋሲካ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እኩያዬ የምትሆን ሲስተር ጣቴን ወግታ ደሜን አየችና፣

«ስኳር አልያዘሽም፤ ግን ጫፉ ላይ ነሽ» አለችኝ። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ ፋብሪካ ጠርዝ እሰፋለሁ።»

«ተቀምጠሽ?»

«ታዲያ ቆሜ ልስፋ?»

ሳቀች። ስለ ምግቤም ጠየቀችኝ። እኔ ያደግኩት እናት መጨረሻ ላይ በምትበላበት ቤት ነው፤ በራሴም ቤት እንዲሁ ነበርኩ። ባሌና ሁለቱ ልጆቼ በልተው ሲነሡ፣ ወጥ የጠጣውን የትሪውን ሥር እንጀራ «ይጣል እንዴ?» እያልኩ እኔ እጨርሰዋለሁ። ትራፊ ስለሆነ ምግብ ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር። ከሲስተሯ ጋር ስንቆጥረው በቀን ወደ ሦስት እንጀራ ሆነ። አትክልት ግን አንድ ማንኪያ አልተገኘበትም።

«ከትሪው ግማሹ አትክልት ይሁን» አለችኝ። «ጡንቻሽም አልቋል። ክብደት አንሺ።»

«እኔ? እንደ ጎረምሳ?»

«እንደ ጎረምሳ! ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን ይበላዋል። ከመስቀል በኋላ እንደገና እናየዋለን።»

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም «ጡንቻ ስኳር ይበላል» ብዬ የማድ ቤቱ በር ላይ በከሰል ጻፍኩት። ባለ አምስት ሊትር ሁለት የዘይት ጀሪካን አጥቤ እስከ ግማሽ አሸዋ ሞላሁና በግራና በቀኝ ይዤ ከወንበር መነሣት፣ መቀመጥ፣ መነሣት ጀመርኩ። ባሌ በር ላይ ቆሞ አየኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ውትድርና ልትገቢ ነው?»

«አዎ፣ አንተን ልማርክ።»

ከጀሪካኑ ይልቅ ያስቸገረኝ ትሪው ነው። ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ሠርቼ መሐል ላይ ከመርኩት። እነሱ በየፊታቸው ያለውን ሽሮ ጠራርገው በሉና አትክልቱን እንደ ተራራ ትተውት ተነሡ።

«ጎመን የክፉ ቀን ምግብ ነው» አለ ባሌ። «እኔ ፍየል ነኝ እንዴ?»

በማግስቱ አቀማመጡን ገለበጥኩት። አትክልቱን በየሰዉ ፊት ደረደርኩ፣ ሽሮዋን መሐል አደረግኩ፣ እኔም አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ባሌ እጁን ወደ መሐል ሲሰድ ትልቋ ልጄ ያዘችው።

«አባዬ፣ ከፊትህ ብላ! አንተ አይደለህ ያስተማርከን?»

እያጉረመረመ ጎመኑን በላ። ሲጨርስ «ነጭ ሽንኩርት ቢጨመርበት ምን ነበር?» አለኝ። እኔም በሚቀጥለው ቀን ጨመርኩበት።

የሰኔ ጾም ሲገባ ግን ተሳሳትኩ። የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር፤ ከሌሊት ጀምሮ ውኃም አልቀመስኩም። ጾሙና ድካሙ ቢደራረብ ቶሎ የምድን መስሎኝ በባዶ ሆዴ ጀሪካኖቹን አነሣሁ። ስድስተኛው ላይ ዓይኔ ጨለመ። ልጄ ስትደርስ አልጋው ሥር ወድቄ ግንባሬ ይደማ ነበር።

ባሌ በዚህ ጊዜ አልቀለደም። «ልጆቹን ያለ እናት ልታስቀሪያቸው ነው? ይብቃሽ!»

«ያለ እናት እንዳይቀሩ ነው የማነሣው!»

ጮህኩበት። ከዚያ ግን ብቻዬን ስሆን ፍርሃቱ እንደገና ያዘኝ፤ ልተወውም አሰብኩ። ብተወው የሚመጣውን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግንባሬን በሻሽ አስሬ ሲስተሯ ጋ ሄድኩ።

«ማነው በባዶ ሆድሽ አንሺ ያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። «ጾምሽን ጹሚ። የምታነሺው እህል ቀምሰሽ፣ ትንሽ አርፈሽ ነው። ምስርና ባቄላም አትርሺ፤ ጎመን ብቻውን ጡንቻ አይሆንሽም።»

እንደዚያው አደረግኩ። በክረምቱ ብርድ፣ ጭቃው በር ላይ ሲደርስም አልተውኩም። አንዳንድ ቀን ጉልበቴን እያመመኝ፣ አንዳንድ ቀን «ምን አገባኝ» እያልኩ አነሣሁ። ነሐሴ ላይ ጀሪካኖቹ እስከ አፋቸው ሞሉ። ልጆቼም ቆስጣ ስትጠፋ «ዛሬ የለም እንዴ?» ማለት ጀመሩ።

መስቀል አልፎ ጤና ጣቢያ ሄጄ ወረፋ ጠበቅኩ። ሲስተሯ ጣቴን ወጋች፤ ቁጥሩን አየች፤ የድሮውን ካርዴን አውጥታ እንደገና አየች።

«ምነው? ንገሪኝ!»

«ወርዷል። እንደ ጤነኛ ሰው ነው። ብቻ እንዳታቆሚ።»

ደጅ ወጥቼ ነፋሱ ላይ ቆምኩና ለባሌ ደወልኩ። ገና ሳልናገር «ምን አሉሽ? ምን አሉሽ?» አለ።

«ስኳር የለብኝም» አልኩት። «ደህና ነኝ።»