የስለት ፀጉር

እንዴት አልናደድ? የልጄን የመጀመሪያ ፀጉር ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ላስላጭ ለማርያም ተስዬ ነበር። ዓርብ ጠዋት ለበርታ ብሔረሰቧ ሙስሊም ጎረቤቴ ለሃጃ ትቼው አሶሳ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ የልጄ ራስ እንደ ቅል ያበራል!

«ሃጃ! የስለት ፀጉር እኮ ነው!»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ? እኛ በተወለደ በሳምንቱ እንላጫለን፣ በግ እናርዳለን። ያንቺ ዓመት ሞላው፤ አቅም አጥተሽ መስሎኝ አዘንኩ።»

ፀጉሩን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። «ይኼው፣ ለማርያም ውሰጂላት።» ቁጣዬ ሊበርድ ሲል ጥብስ አቀረበች። «ያረደው የእናንተ ሰው ነው፣ ብይ! ዛሬ ጁምዓ ነው፣ የተባረከ ቀን።»

«ስንት ዓመት ስንጎራበት ዓርብ መጾሜን አታውቂም?» ብዬ ጮህኩ።

ዞር ስል ልጄ በሁለት ጥርሱ አጥንት ይግጣል።