ነገ የተነሣው ፎቶ

እህቴ አሰገደች በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ የባጃጅ መለዋወጫ ትሸጣለች። እኔ ከጎኗ ባለችው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከደንበኞቿ ጋር የምትገጥመውን ክርክር ሁሉ ሳልወድ እሰማለሁ፤ እስከ ዛሬ ስትሸነፍ ሰምቼ አላውቅም። «ይኼ ዕቃ ኦሪጅናል ነው?» የሚላት ሾፌር ካለ፣ «አገላብጠህ እየው፤ ዓይን የተሰጠህ ለምንድን ነው?» ትለዋለች። እንዲህ ያለች ሴት በፌስቡክ ተታለለች ቢሉኝ አላምንም ነበር። ግን ተታልላለች።

ነገሩ የተነሣው ከአባታችን ሰዓት ነው። አባታችን ቄስ ገዳሙ ከሮብ ገበያ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር ያገለግላሉ፤ ያርሳሉም። ከቅስናቸው ጀምሮ በእጃቸው ላይ የኖረች፣ በየማታው የምትሞላ፣ ቀን የምትቆጥር ሰዓት ነበረቻቸው። በዚያች ደብር ደወል የሚደወለው አባ ሰዓታቸውን አይተው «ደውል» ሲሉ ነው። በተለይ በጾም ወራት ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ከእርሻው ቀና ብሎ የሚጠብቀው የእሳቸውን ቃል ነበር። በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ እህል ሲያበራዩ ማሰሪያዋ ተበጥሶ አውድማው ላይ ወደቀች። በሬ ረገጣት። በሬው ምንም አልሆነም።

እኔ ከማርቆስ ገበያ አንዲት የባትሪ ሰዓት ገዝቼ ወሰድሁላቸው። እንዳላዝን ብለው ጥቂት ቀን አሰሯት፣ ከዚያ ምሰሶው ላይ ሰቀሏት። «ይቺ ድምፅ የላትም» አሉኝ። «ደግሞ ባትሪ ያለው ነገር ሳይታመም ነው የሚሞት።» ከዚያ በኋላ የሰዓቱ ነገር በዲያቆን ቢተው እጅ ወደቀ። ቢተው ጨዋ ልጅ ነው፣ ምንም ክፋት የለበትም፤ ሞባይል ግን አለው። አባ «ቢተው፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ቆይተው መጠየቁንም ተዉት፤ ከቅዳሴ ውጭ ወደ ደብሩ ብቅ ማለትም ቀነሱ። አጥሩ ሥር ተቀምጠው ባዶ የእጅ አንጓቸውን ሲያሹ አየኋቸው። እኔ አዝኜ ተመለስሁ። አሰገደች ግን ማዘን አይሆንላትም። ስልኳን ከፈተች።

ፌስቡክ ላይ «የድሮ ሰዓት ወዳጆች» የሚባል ቡድን አለ። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከደሴ፣ ከየትም የተሰባሰቡ ሰዎች አሮጌ ሰዓቶቻቸውን ፎቶ እያነሡ ይለጥፋሉ፣ ይከራከራሉ፣ እርስ በርሳቸው ይገበያያሉ። ሱቅ የለ፣ ደረሰኝ የለ። አሰገደች በገባች በጥቂት ቀን ውስጥ የአባን ሰዓት ቁርጥ የምትመስል አየች። ሻጩ አፉ ቅቤ ነው። ገንዘቡን በባንክ ላከችለት፣ ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። ከፈተችና ጆሮዋ ላይ አስጠጋቻት። ጸጥ። ጀርባዋን ስናስከፍት ውስጧ የተቀመጠው ባትሪ ነው። ፎቶው ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ኖሯል። ሻጩን ስትፈልገው የለም፤ ስሙንም ስልኩንም ይዞ ተነነ። በዚያ ሰሞን የባጃጅ ሾፌሮቹ እንኳ ዋጋ ሳይከራከሩ ከፍለው ይወጡ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ቡድኑን ጥሎ ይወጣል። እሷ ሕግ አወጣች። ለሁሉም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሻጭ ሁሉ ፎቶውን በዕለቱ ያንሣ። ሰዓቲቱ የዚያን ዕለት ቀንና የዚያን ጊዜ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ታሳይ። ከጎኗ ስሙንና ቀኑን በወረቀት ላይ ጽፎ ያስቀምጥ። ሁለተኛ ነገር፣ አዲስ የምትገቡ ሰዎች፣ አመሏን ጠይቁ። እኛ አገር በቅሎ የሚሸጥ ሰው አመሏን ሳይናገር አይሸጥም። ትራገጣለች፣ ውኃ ስታይ ትቆማለች ይላል። ያን ሰምቶ የገዛ ሰው ቢወድቅ ጥፋቱ የራሱ ነው። ደብቆ የሸጠ ግን ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ሰዓትም አመል አላት። አመል የላትም የሚላችሁን ሻጭ ተዉት።»

የቡድኑ አስተዳዳሪ ይታያል የሚባል የባሕር ዳር ሰው ነው። ጽሑፏን ከላይ ሰቀለው፣ ሕግም ሆነ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ገቢ ሁሉ የሚገዛውን ሰዓት ፎቶ ለእሷ ሳያሳይ ብሩን አይልክም። «እቴ አሰገደች፣ ልግዛ?» ይሏታል። ባንድ እጇ የፍሬን ሸራ ለደንበኛ እያቀበለች በሌላው ትጽፋለች፦ «አመሏን ጠየቅኸው?» ብዙ ሌባ አስወጣች። ኩራቷን ግድግዳውን አልፎ እሰማው ነበር።

የአባን ዓይነት ሰዓት ግን እንደገና የሚሸጥ ጠፋ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። «ጾሙ ሳይገባ እጃቸው ላይ አስራለሁ» ብላ ስትፎክር እኔ መርፌዬ ላይ አቀረቀርሁ።

ኅዳር 11 ቀን፣ መሸት ሲል፣ ስሜን ጮክ ብላ ጠራችው። «ፈንታ! ና እይ!»

ሄድሁ። ስልኳ ላይ አንዲት ሰዓት አለች። የአባ ናት ብል አልዋሸሁም፤ ፊቷ፣ ቁጥሮቿ፣ ቀን የምታሳይባት ትንሽ መስኮት፣ ሁሉም። ሻጩ ኃይለ ሚካኤል ይባላል። ለቡድኑ አዲስ ነው፤ የራሱን ፎቶ እንኳ አልለጠፈም። ከሥሯ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ደጀን ነው የምኖረው። ዓይኔ ቁጥሮቿን ማንበብ ስላቃተው ለሚያነባት ሰው ልለቃት ነው። አመሏ፣ ብርድ አትወድም። ሌሊት ከእጅ ወልቃ ካደረች ወደ ኋላ ትቀራለች።»

«አመሏን ተናገረ!» አለች አሰገደች። ዓይኗ እንዲያ ሲበራ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

አስተያየቶቹን ስናነብ ግን ጉድ ፈልቷል። ሰዓቲቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ትላለች፤ ልክ ነው፣ ፎቶው የተለጠፈው ያኔ ነው። መስኮቷ ላይ ያለው ቁጥር ግን 12 ነው። ከጎኗ ያለው ወረቀትም «ኃይለ ሚካኤል፣ ኅዳር 12» ይላል። ቀኑ ደግሞ 11 ነው።

«ፎቶው ነገ ነው እንዴ የተነሣው?» ይላል አንዱ። «ወንድሜ፣ ከነገ ስትመለስ የሎተሪ ቁጥር ይዘህልን ና» ይላል ሌላው። «አዲስ ገቢዎች ተጠንቀቁ፣ ይሄ ሌባ ነው» የሚለው በዛ። ስልኩን የደወሉለት ዝግ ነው ይላሉ። «ሲነቃበት አጠፋው!» ተባለ። በመጨረሻ ይታያል ጻፈ፦ «እቴ አሰገደች፣ ሕጉ የአንቺ ነው። ፍረጂና ላስወጣው።»

እህቴ ፊቷ ጠቆረ። የራሷ ሕግ የፈለገቻትን ሰዓት ከእጇ ሊወስድባት ነው። «እታለም፣ ተይው» አልኋት። «ሁለተኛ ብትታለይ ያ ሁሉ ሰው ምን ይልሻል?» «ሌባ» ብላ መጻፍ ጀመረች፤ አይቻታለሁ። ከዚያ ጣቷ ቆመ። ፎቶውን አጉልታ ያቺን 12 ቁጥር አተኩራ አየቻት።

«ፈንታ፣ የአባ ሰዓት ቀኗን የምትቀይረው መቼ ነበር?»

ማታ ነበር! አባ ከጸሎት በፊት ሰዓታቸውን ሲሞሉ እኔና እሷ ግራና ቀኝ ተለጥፈን፣ ቁጥሯ ስትገለበጥ ለማየት እንጋፋ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ቀኑ የሚገባው ሲመሽ ነው፤ ስለዚህ አባ መስኮቷ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንድትለወጥ አድርገው አስተካክለዋት ኖረዋል። የነገው በዓል ዋዜማው ላይ ገብቶ ያድራል። እኔ ልጅ ሆኜ ሰዓት ሁሉ እንደዚያ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

«ነገ 12 ነው» አለች፣ ለራሷ ይሁን ለእኔ ሳይለይ። «የኅዳር ሚካኤል። ሰውዬው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ለእሱ ሚካኤል ገብቷል። ስልኩንም የዘጋው ማኅሌት ሊቆም ነው።»

«ወይም ሌባ ነው» አልሁ።

«ወይም ሌባ ነው» አለች፣ ሳትቆጣ። «ሌባ ግን የሰረቀውን ፎቶ ቀን ለማሳመር ይደክማል እንጂ፣ በገዛ እጁ የተሳሳተ ቀን ወረቀት ላይ አይጽፍም።» የጀመረችውን ደምስሳ እንደገና ጻፈች። «ፎቶው የዛሬ ነው። ሚካኤል ገብቷል፣ ሰውየው ማኅሌት ላይ ነው። ጠዋት ስልኩን ሲከፍት እንዳታፍሩ የጻፋችሁትን አንሡ። ሰዓቲቱን እኔ እገዛለሁ። ከተበላሁም ልበላ፤ እዚሁ መጥቼ እነግራችኋለሁ።»

ትንሽ ቆይቶ ይታያል፣ «አያቴም ቀን በማታ ነበር የሚቆጥሩት፤ እንዴት ረሳሁት!» ብሎ ጻፈ። ስድቡ አንድ በአንድ መነሣት ጀመረ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አላመንሁም ነበር። ሌቱን ስገላበጥ አደርሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መልስ መጣ፦ «እንኳን አደረሳችሁ። ማኅሌት ቁመን ስናነጋ ስልክ አልያዝሁም ነበር። የምትፈልገው እኅት እጇ ላይ አይታ ትውሰዳት፤ ሳታያት ብር አልቀበልም።»

በነጋታው ሱቋን ዘጋች፣ የእኔንም አስዘጋችኝ። ደጀን ስንደርስ ሰውዬው ጭነት መኪናዎቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት በራፍ ላይ ጠበቁን። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ጢማቸው ነጭ፤ የአቋቋም መምህር ናቸው። ፌስቡኩን የከፈተችላቸው ልጃቸው መቅዲ አጠገባቸው ቆማ ትስቃለች። እህቴ ያን ሁሉ ጊዜ «አንተ» እያለች ስትጽፍላቸው ስለነበር እጃቸውን ስትስም አንገቷን ሰበረች።

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ሰዓቷን ከእጃቸው ፈትተው ሰጧት። ጆሮዋ ላይ አስጠጋቻት። እኔ ራሴ ከጎኗ ሆኜ ሰማኋት፤ ትንፋሿ የሞላ፣ ያልቸኮለች ሰዓት ናት።

«ለማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ለአባቴ ነው። ቄስ ናቸው፤ ሮብ ገበያ።»

«እንግዲያ ቀኗን የምትለውጥ ማታ መሆኑን ልንገርሽ። ልጄ ብትነግረኝ፣ ለካ ሌላው ሰው ይኼን እንደ ብልሽት ነው የሚያየው። አመል መሆኑን አላወቅሁም ነበርና ሳልጽፈው ቀረሁ፤ ይቅርታሽን። ላስተካክልልሽ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

አሰገደች ሰዓቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ኋላ ሸሸች። «ኧረ እንዳይነኩብኝ መሪጌታ! እኔ የገዛሁት እሷን ነው!»

ኅዳር 14 ከሰዓት በኋላ አባ ቤት ደረስን። እህቴ ምንም ሳትናገር እጃቸውን ሳበችና አሰረችላቸው። አባ አላመሰገኑም፣ አላለቀሱም። ጆሮአቸው ላይ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ «አመሏስ?» አሉ። «ብርድ አትወድም፤ ከእጅዎ አያውልቋት» አለቻቸው። «እኔስ መቼ እወዳለሁ» አሉ፣ እጅጌያቸውን ወደ ታች እየሳቡ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ እኔና አሰገደች በዚህ ዕድሜያችን፣ ግራና ቀኝ ተለጥፈን ተጋፋን። 14 ቀስ ብላ ወረደች፣ 15 ገባች። «ነቢያት ገባ» አሉ አባ።

በማግሥቱ ወደ ደብሩ አብረናቸው ሄድን። ነጠላቸውን አጣፍተው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሙ። እኩለ ቀን ሲቃረብ ዲያቆን ቢተው ከደወሉ ሥር ሆኖ ሞባይሉን ከኪሱ ሊያወጣ እጁን ሰደደ። የአባን እጅ አየ። እጁን ባዶውን መለሰና ጠጋ አለ።

«አባ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

አባ አልቸኮሉም። መጀመሪያ ጆሮአቸው ላይ አስጠጓት፣ ቀጥሎ አዩዋት፣ ከዚያ ፀሐይዋን አዩ፣ እንደገና አዩዋት። ያን ሁሉ ወር የጠበቁትን ያህል ሰውን ሁሉ አስጠበቁት። ቢተው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ደውል» አሉ።

ደወሉ ሲያስተጋባ ወደ እህቴ ዞር አልሁ። ፊቷን ወደ ቅጥሩ አዙራ ስልኳን ወደ ላይ አንሥታለች። ምን ሆነሽ ስላት፣ ለቡድኑ እንድነግር ኔትወርክ እየፈለግሁ ነው አለችኝ።