ወሬ ነው ተብሎ የተዘለለው

ቴፒ ከተማ ውስጥ ፊልም የማይበት ቪዲዮ ቤት፣ አጫዋቹ ድብድብ የሌለበትን ቦታ ሁሉ "ወሬ ነው" እያለ ይዘለዋል። በቡና ለቀማ ወቅት ቤቱ በለቃሚና በጫኝ አውራጅ ጢም ስለሚል፣ ይህ ሕዝብ ከቡጢ ሌላ አይፈልግም ብሎ ያምናል። ተሳስቷል፤ ምስክር አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የፊልሙ ጀግና የስንቱን አጥንት ከሰባበረ በኋላ፣ ደሙ ባልታጠበ እጁ የትንሽ ሴት ልጁን ፀጉር ማበጠር ጀመረ። አጫዋቹ እንደ ልማዱ ዘለለው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፦ "መልሰው!"

መለሰው። ሰው በተገደለ ቁጥር "በለው!" እያለ ጆሯችንን ሲያደነቁር የነበረው ግዙፍ ጫኝ ከአግዳሚው ተነሥቶ ጀግናውን ተቆጣው፦

"ከጫፉ ጀምር እንጂ፣ ታሳምማታለህ!"