ጤፍ ውስጥ የቆዩ እንቁላሎች

በጃንሆይ ጊዜ፣ ሱሉልታ ስንኖር፣ እናቴ በዐቢይ ጾም ዶሮዎቿ የሚጥሉትን እንቁላል ለፋሲካ ታቆይ ነበር። ሳታጥበው፣ ሾጣጣ ጫፉን ወደ ታች አድርጋ፣ ጤፍ በሞላው ጋን ውስጥ ትቀብረዋለች። ወደ ጋኑ ከተጠጋሁ "እጅሽን ሰብስቢ!" ብላ ትጮኽብኛለች፤ እኔም ለእንቁላል ይህ ሁሉ ቁጣ ምንድን ነው እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

አንድ ዓመት ጾሙ ሳይጋመስ ታማ ሞተች። ጎረቤቶቻችን ለሰልስቷ የሚፈጨውን ጤፍ ሲቀዱ እንቁላሎቹን አገኙ። አንዲት አሮጊት "ተዉት፣ የልጆቿ መፈሰኪያ ነው" ብለው መልሰው ቀበሩት።

የፋሲካ ዕለት አባቴ እጁን እስከ ክርኑ ጤፉ ውስጥ ከትቶ አንድ በአንድ አወጣቸው። ቀቅሎ ሲሰጠን አንድም የተበላሸ አልነበረም። ያን ዓመት ያስፈሰከችን እሷው ናት።